ስሙ ያልተሞላ ደብዳቤ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ የአውቶቡስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ሲቆጡ ግድግዳው ራሱ ይቅርታ የሚጠይቃቸው ይመስላቸው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የትኬት መስኮቶቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ «ግንኙነት የለም» አሉና መንገደኛው እስከ አስፋልቱ ተሰለፈ። አቶ ደምመላሽ ሠራተኛውን ሰበሰቡና አንድ የስንብት ደብዳቤ አወጡ። ከታች ፈርመው፣ ስማቸው ያለበትን ቲተር መትተው፣ የተሰናባቹን ስም ቦታ ብቻ ባዶ ትተውታል።

«ጥፋተኛውን አሁኑኑ ትነግሪኛለሽ!» አሏት የኮምፒውተር ባለሙያዋን። «አለዚያ ያንቺ ስም ይገባበታል። ማንም ይሁን ማን አልምረውም!»

ባለሙያዋ ግን ከማለዳ ጀምሮ ስትመረምር ስለነበር አልደነገጠችም።

«የትኬቱ መዝገብ ወዳለበት ዳታቤዝ የሚያስገቡት መስመሮች ሃያ ናቸው» አለች። «ፑለር የሚባለው ፕሮግራም እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ አንዱ መስኮት ሲጨርስ መስመሩን ተቀብሎ ለሌላው ይሰጣል። ዛሬ ግን ሃያውንም አንድ ስክሪን ይዞ አልለቅም ብሏል። ዓርብ ዕለት የትኬት ሽያጩን እንዲያሳይዎት እርስዎ ቢሮ የተሰቀለው፣ ‹አንድም ደቂቃ እንዳይቋረጥብኝ› ብለው ያዘዙት ነው። ላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም።»

አንድ ሾፌር ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«የስክሪን ወሬ ተይኝ!» ጮኹ አቶ ደምመላሽ። «እዚህ ባዶው ላይ የምጽፈውን ስም ንገሪኝ!»

«አይቸገሩ ጌታዬ» አለች። «ስሙ ከታች በቲተር ተመትቷል፤ ወደ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው የቀረው።»