ወደኋላ መግባት ያቃታት የከርከሮ ልጅ

አንድ ጊዜ፣ ቆላ ውስጥ፣ በግራር ዛፎች መሃል ከርከሮና ሚስቱ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጅቷ አንድ ቦታ አትረጋም፤ ቱር ቱር ትላለች። ስለዚህ ስሟ ቱሪት ሆኖ ቀረ።

ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በፊቱ አይደለም፤ በኋላው ነው። ለምን ቢባል፣ ጅብ ተከትሎ ቢመጣ በር ላይ የሚቀበለው ሹል ክራንቻ እንዲሆን ነው። ቱሪት ይህን አሳምራ ታውቃለች። ችግሩ ማወቁ ላይ አልነበረም። አያ ጅቦ ብቅ ሲል ትሮጣለች፤ መንገድ ላይ ጢንዚዛ ፋንድያ ስትገፋ ታያለች፣ ትቆማለች። ደንግጣ ስትነሳ ደግሞ በጭንቅላቷ ዘላ ትገባና ጭራዋን ውጭ ትተወዋለች። ባለፈው ሳምንት አያ ጅቦ የጭራዋን ጫፍ ቆርጦ በልቶባታል። የቀረው ጭራ አጭር ነው፤ ከጭራው ቀጥሎ ያለችው ደግሞ ራሷ ቱሪት ናት።

አባቷ «ሆን ብላ ነው» ይላል። እናቷ ጠዋት ጠዋት ግራ ቀኝ አትዪ፣ በሩ ጋ ስትደርሺ ዙሪ፣ ጭራሽን ሰብስቢ፣ አባትሽን አትርገጪ እያለች ምክሯን ታወርዳለች። ከዚህ ሁሉ ቱሪት ጆሮ ውስጥ የምትቀረው የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ እውነት ለመናገር አባቷን ረግጣ አታውቅም።

ወሬው እሜቴ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። መጥታም እናትን፣ «ልጅሽን ለእኔ ስጪኝ እንጂ እቴ፣ ከርከሮ አደርግልሻለሁ» አለች። ሥጋው ለአያ ጅቦ፣ አጥንቱ ለእሷ ሊሆን ቀድመው ተስማምተዋል። ይህን ያላወቀችው እናት ተስፋ ቆርጣ ነበርና በሦስተኛው ቀን መጥተሽ ውሰጃት አለቻት። ቀበሮ እንደሄደች ግን ልቅሶ ያዛት።

ልቅሶዋን ከግራሩ ላይ የሰማችው ማር መሪ ወፍ ናት። ይህች ወፍ ማር ፈላጊን ንብ ወዳለበት ዛፍ ትመራለች። በአንዴ እስከ ማሩ አትበርም፤ ትንሽ በራ ታርፋለች፣ ትጣራለች፣ ተከታይዋ ሲደርስ ደግሞ ትነሳለች። ወርዳ መጀመሪያ ያናገረችው ቱሪትን ነው። ስትሮጪ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀቻት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም።

«ጉድጓዱን እያሰብኩ ነው የምነሳው» አለች ቱሪት። «ከዚያ ጢንዚዛዋ ትመጣለች፤ ጉድጓዱ ከጭንቅላቴ ይወድቃል። ወደ ራሴ ስመለስ እማዬ እየጮኸች ነው።»

ወፏ ወደ ወላጆቹ ዞረች። እናት የምክሩን ዝርዝር ትታ አንድ ቃል ብቻ፣ እሱንም በሰዓቱ እንድትናገር ነገረቻት። አባት ደግሞ በሩ ጥግ ድንጋይ እንዲያስቀምጥ፤ ቱሪት ድንጋዩን በመቀመጫዋ ሳትነካ አትግባ። በመቀመጫዋ ከነካችው ዞራለች ማለት ነዋ።

አባት ድንጋይ ሊያመጣ ሄዶ ቀረ። ሲፈልጉት ግማሽ መንገድ ላይ ሥራ ሥር ሲቆፍር ተገኘ።

«እኔ ደግሞ ከማን ወጣች እያልኩ ስጨነቅ!» አለች እናት። ከዚያ ወዲያ «ሆን ብላ ነው» የሚል አልተሰማም።

በመጀመሪያው ቀን ቱሪት ሰባት ጊዜ በጭንቅላቷ፣ አንድ ጊዜ በኋላዋ ገባች። ወፏ ለአንዷ አመሰገነቻት። አባት ለአንዲት ምስጋና ይገባል ወይ ብሎ አጉረመረመ።

«ለሰባቷማ ስትቆጡ ከርማችኋል» አለችው ወፏ። «ምን አተረፋችሁ?»

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ መጣች። እናት ልጄን አልሰጥም አለች። ቀበሮ ሳል ሳል ስትል አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣ።

እናት አጠገብ ወዳለ ሌላ ጉድጓድ ገብታ፣ ከአፉ ላይ ሆና «ሩጪ» አለች።

ቱሪት ሮጠች። መንገዱ ላይ ጢንዚዛ አየች፤ ቆመች። በእናት ጉሮሮ የዓመት ቁጣ ተሰለፈ። ዋጠችውና፣ «ድንጋዩ» አለች።

ቱሪት ተፈተለከች፣ ዞረች፣ መቀመጫዋ ድንጋዩን ነካ፣ ሸርተት ብላ ገባች። አያ ጅቦ እንደለመደው ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ወደ ጉድጓዱ ሰደደው። የቱሪት ክራንቻ አፍንጫውን ለሁለት ከፈለው።

ምን ሆነህ ነው ብላ ቀበሮ ከኋላው እየሮጠች ጠየቀችው።

«ሽሺ!» አላት። «ጭራዋ ጥርስ አብቅሏል!»

አያ ጅቦ ዛሬም የከርከሮ ጭራ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ቱሪትም አጭር ጭራዋን እንደ ባንዲራ አቁማ ቆላውን ትዞራለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐሳቡ ቶሎ የሚበርበት ልጅ የጎደለው ፈቃድ ሳይሆን መንገድ መሆኑን፣ መንገዱንም ቤተሰቡ አብሮት ከጠረገለት ጅብ የሚያስሮጥ ጀግና እንደሚወጣው ነው።