ጉድጓዱና ገመዱ

እናንተ ልጆች፣ መንጫጫቱን ተዉና ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ስሙ። ድሮ ድሮ፣ ስሟ በተረሳ አገር፣ አራዊት ሁሉ አርሰው ይበሉ ነበር። የሰረቀ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱን የሚጠብቀው አያ ጅቦ ነው፤ ለድካሙ ከየአውድማው እህል ይሰፈርለታል። ሌባ በተያዘ ቁጥር ሆዱን እያሻሸ፣ «ጉድጓዱ ይሙላ፣ አገሩ ይረፍ!» ይላል።

ታዲያ ዝንጀሮ ሁለቴ ሰርቆ ሁለቴ ገባ። በሁለተኛው ሲወጣ ከአራት ልጆቹ አንዷ ሞታ ጠበቀችው። ደግሞ የጃርትን ማሽላ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሦስተኛ ጊዜ የገባ ደግሞ አይወጣም!

ባገሩ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ባንድ ገመድ ይቆራኛሉ፤ ዳኛው ዝሆን ችሎት እስኪቀመጥ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

«ወዴት ነው የምትጎትተኝ፣ አንተ ሌባ?» አለች ጃርት፣ እሾኋን አቁማ።

«ቤቴ ነዋ፣ እመት ጃርት። ልጆቼን ልሰናበት።»

ሲደርሱ ሦስቱ ልጆች ደረቅ ሥር ያኝካሉ። እርሻው ጦም አድሯል።

«ምነው ሳትዘራ?»

«በዘር ጊዜ ጉድጓድ ነበርኩ። ዘሩን ልጆቹ በሉት።»

የጃርት እሾህ ቀስ እያለ ተኛ።

ችሎት ተቀመጠ። «ጉድጓዱ ይሙላ፣ አገሩ ይረፍ!» አለ አያ ጅቦ።

«ሁለቴ ሞላ፤ ማሽላዬ መች ዐረፈ?» አለች ጃርት። «ጌታዬ ዳኛ፣ ለጅቦ የምንሰፍረው ለዝንጀሮ ዘር ይሁን። ደቦም እንውጣለት። ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ዳግም ቢሰርቅስ?» አለ ዝሆን።

«አብሬው ጉድጓድ ልግባ!»

ዝሆንም «ይሁን» አለ። አገሩ ደቦ ወጣ፣ እርሻው ተገለበጠ፣ ዝናቡም ጣለ። ዝንጀሮ የመጀመሪያውን እሸት ተሸክሞ ጃርት ደጅ አስቀመጠ።

አያ ጅቦስ? እርሻ መች ያውቃል! ራበውና የዝንጀሮ ማሽላ ውስጥ ገብቶ ተያዘ። አገሩ ሁሉ፣ «ጉድጓዱ ይሙላ!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ባካችሁ! እኔ አውቀዋለሁ ውስጡን!» አለ ጅብ።

ዝንጀሮ ገመዱን አነሳ። አንዱን ጫፍ ከራሱ ወገብ፣ ሌላውን ከጅብ ወገብ አሰረ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። «ና፣ አያ ጅቦ፤ ማረሻ አያያዝ ላሳይህ።»

ጉድጓዱ ዛሬ የዘር ማስቀመጫ ነው አሉ። ለዚህ ነው አባቶች፦ «ሌባን ጉድጓድ ቢከቱት ረሃቡን ይዞ ይወጣል፤ እርሻ ቢያሰማሩት እሸት ይዞ ይመጣል» ያሉት።