ዓላማ የሌለው ገበሬ

ፊታውራሪ ገብረየስ ለአገሬው እድገት እንቅልፍ የሚያጡ ደግ ሹም ነበሩ። አንድ ቀን ከባለቤታቸው ጎን ተቀምጠው ገበሬዎቻቸውን ሰበሰቡና፣ «እያንዳንድህ የሕይወት ዓላማህን ተናገር። ዓላማ የሌለው ከመሬቱ ይነቀላል» አሉ።

አንዱ፣ «ለፋሲካ በሬ ላደልብ አስቤያለሁ» ሲል፣ «ጎበዝ፣ እጅ መንሻ ታመጣዋለህ» አሉት። ሌላው፣ «ንብ ላረባ ነው» ሲል፣ «ማሩ ለጠጄ ይሆናል» አሉ።

አንድ ወንደላጤ ገበሬ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ተራው ሲደርስ፣ «እኔ ምንም የለኝም» አለ።

«አንተ ሰነፍ፣ ከመሬትህ ልንቀልህ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዓላማስ ነበረኝ። ዘንድሮ ቆንጆ ሚስት ላገባ አስቤ ነበር። የሰው ዓላማ ሁሉ እርስዎ ግቢ ሲገባ ሳይ ጊዜ ተውኩት።»

የፊታውራሪው ባለቤት ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ፊታውራሪውም ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ሂድ፣ መሬትህን እረስ» አሉት።