የእመት አህያ ድሪቶ

አንድ ጊዜ፣ መስከረም አልቆ ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እመት አህያ ደጃፏ ላይ ቆማ ሽቅብ ሰማዩን አየችና ሆዷ ባባ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የጥቅምት ሰማይ ሲያዩት ያምራል፤ ከኋላው የሚያመጣው ግን ውርጭ ነው። እሷ ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ የወለደችው ውርንጭላ አላት። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ብላዋለች። እግሩ ገና አልጠና፣ ፀጉሩም ገና አልሞላ። ባለፈው ዓመት የወለደችውን ውርጭ ገድሎባታል።

በዚያ አገር አያ አንበሳ በአዋጅ ያስነገረው ሕግ ነበር፤ «የቆመ አይነካ፤ የወደቀ የጅብ ይሁን!» ይላል። አያ ጅቦና እመት አህያ አጥር ለአጥር ተዋስነው የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው። ጎረቤት ናቸው ስላችሁ ታዲያ እሳት የሚጫጫሩ እንዳይመስላችሁ! አያ ጅቦ በየማለዳው በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግና፣

«እመት አህያ፣ ቦራ እንዴት አደረ? ቆሟል?» ይላታል። ለልጁ አስቦ መሰላችሁ? ሆዱ ነው የሚጠይቀው።

«ቆሟል!» ትለዋለች ጥርሷን ነክሳ። «ዘንድሮ አይወድቅም!»

እንዲህ ብላ ዝም አላለችም። ለልጇ ድሪቶ ልትሰፋለት ቆርጣ ተነሳች። ጨርቁ እንኳ ሞልቷታል። ዕድሜዋን ለእህል ነጋዴ ስትጫን ስለኖረች የተቀደደ ጆንያ፣ የጃንጥላ ጨርቅ፣ የጋቢ ቅዳጅ፣ ከጭነት ሥር የሚደረግ እላቂ ሁሉ አጠራቅማለች። የሌላት መስፊያው ነው።

መስፊያ የሚሸጠው ቀበሮ ነው። ከሾላው ዛፍ ሥር ሱቅ ከፍቶ፣ ዕቃውን በሰልፍ ደርድሮ፣ ጭራውን አጣጥፎ ይቀመጣል።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ እመት አህያ!» አላት ገና ከሩቅ ሲያያት። «ድሪቶ ነው? እንግዲያው ሙሉ ዕቃ ነው የሚያስፈልግዎት። ይኼ የአጥንት መርፌ ነው። ይኼ የጅማት ክር። ይኼ የብረት መቀስ። ይኼ ደግሞ መርፌው እንዳይወጋዎት ጣትዎ ላይ የሚያጠልቁት የቆዳ ቆብ ነው።»

«እኔ እኮ ጣት የለኝም፣ አያ ቀበሮ።»

«ቢኖርዎትም ባይኖርዎትም ደንቡ ነው። ያለ ጣት ቆብ የተሰፋ ድሪቶ የት አይተዋል?»

«ዋጋውስ?»

«ለእርስዎማ ምን ዋጋ አለው! ያቺን ያከማቿትን ድርቆሽ ብቻ።»

እመት አህያ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ። ድርቆሹ እስከ በልግ ዝናብ የምትበላው ነው፤ ሌላ የላትም።

«ድርቆሼን ከሰጠሁህ ወተቴ ይደርቃል። ወተቴ ከደረቀ ልጄ ከብርድ ቢተርፍ በረሃብ ይወድቅብኛል» አለችው።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ያለ ዕቃ ግን አይሰፋም። ዕቃ የሌለው ሰፊ፣ ሰፊ ይባላል እንዴ?»

«ቆይ እስቲ፣ አንተ ራስህ ምን ለብሰህ ነው የምታድረው?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሰፊ አይደለሁም» አለና የተስተካከለውን ዕቃ እንደገና ማስተካከል ጀመረ።

ይኼን ሲባባሉ አያ ጅቦ እየተጋፋ ደረሰ። አንድ ቅልጥም ከነሥጋው በአፉ ይዟል፤ በጉድጓዱ ካከማቸው መሆኑ ነው። ቅልጥሙን ቀበሮ ፊት ጣል አደረገና «ሙሉውን ዕቃ ለእኔ!» አለ። ከዚያ ወደ እመት አህያ ዞሮ ሳቀ። «ውርጩ ያንን ውርንጭላ እስኪጥልልኝ ድረስ እኔ ምን በወጣኝ በብርድ ልንዘፍዘፍ? ድሪቶዬን ለብሼ እጠብቀዋለሁ።»

እናት ናት እኮ! ፊቷ ቆሞ! ብትረግጠው ደስ ባላት ነበር። ግን ጊዜዋን በእሱ ላይ ማጥፋት አልፈለገችም፤ ዞር ብላ ሄደች።

በመንገዷ ላይ ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ጃርት ካለፈበት ሥፍራ ወድቆ የቀረ እሾህ አገኘች፤ መርፌ ነው። ከወንዙ ዳር ጠርዙ የሰላ ባልጩት አነሳች፤ መቀስ ነው። ክሩን ከጆንያው ጫፍ ተረተረች፤ እንዳይበጣጠስም ንብ ጥሎት ከሄደ ቀፎ ሰም ፈልጋ አሸችው። በጎች በሚያልፉበት መንገድ ቁጥቋጦው ላይ ተይዞ የቀረ የበግ ፀጉር ስለነበረ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ለቀመችው። በጨርቁና በጨርቁ መሐል የሚገባው እሱ ነው።

«አህያ በምኗ ይዛ ነው የምትሰፋው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በጥርሷ ይዛ፣ በሰኮናዋ ገፍታ ነዋ! ሰኮና ካለ የጣት ቆብ ምን ያደርጋል? ተረቱን አታቋርጡኝ።

መጀመሪያ ግን ተበላሸባት። አንዱን ብጣሽ በፊት ሰኮናዋ፣ ሌላውን በኋላ ሰኮናዋ ለካች። የፊቱ ሰፊ፣ የኋላው ጠባብ መሆኑን ልብ አላለችም። ብጣሾቹን ስታጋጥማቸው አንዱ ሲተርፍ አንዱ ያንሳል፤ ድሪቶው እንደ ጠማማ አጥር ተንጋደደ። የአምስት ቀን ሥራ! አንድ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ፈታችው። ከዚያ ከጓሮ የወደቀ የቅል ስባሪ አነሳችና ጠርዙን በድንጋይ ፈግፍጋ አራት ማዕዘን አደረገችው። ቅሉን ጨርቁ ላይ እያስቀመጠች ዙሪያውን በከሰል ማስመር፣ በመሥመሩ ላይ በባልጩት መቁረጥ። አሁን ሁሉም ብጣሽ እኩል ሆነ።

የጃርቱ እሾህ ደግሞ ክር ማስገቢያውን ስትበሳው ተሰነጠቀ። ሌላ ፈለገች። እሱም ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳድራ በግራር እሾህ ቀስ ብላ በሳችው፤ እሺ አላት። ጨርቁን፣ የበጉን ፀጉር፣ ከሥር ጆንያውን ደራርባ፣ እንዳይነቃነቅ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫነችበት። በስፒል ፈንታ የግራር እሾህ ሰካችበት። ከዚያ መስፋት ነው፤ ጠዋት መስፋት፣ ቀን መስፋት፣ ቦራ ሲጠባ ቆም፣ ቦራ ሲተኛ መስፋት። ጥርሷ ዛለ፣ ድዷም ደማ፤ አልተወችም።

አያ ጅቦስ? አያ ጅቦማ ሙሉ ዕቃውን ዘርግቶ በኩራት ተቀመጠ። የቆዳውን ቆብ ጣቱ ላይ አጠለቀ። ሸተተው።

«ይሄ ነገር ጠበበኝ» አለና ዋጠው።

ከዚያ የጅማቱን ክር አየ። «አንድ ክንድ ቢቀነስለት ምን ይሆናል?» ብሎ አንድ ክንድ በላ። ሌላ አንድ ክንድ ጨመረ፤ ክሩ አለቀ። ከመቀሱ ሌላ የቀረው የአጥንቱ መርፌ ነው። አያ ጅቦ ግራና ቀኙን ቃኘ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት ብለዋል አባቶች» አለ። «እኔ ከአባቶች ቃል አልወጣም!» ቆረጠመው።

በማግሥቱ ሌላ ቅልጥም ይዞ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። «ዕቃው ጠፋብኝ» አለ። ቀበሮ ፈገግ እንኳ ሳይል ሁለተኛውን ሙሉ ዕቃ ሸጠለት። እሱም «ጠፋ»። ሦስተኛውም «ጠፋ»። ያ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ የዚህኛው አጎት ሳይሆን አይቀርም። መቀሱን እንኳ ሁለት ጊዜ ሞክሮት ጥርሱን ስላመመው ነው የተወው። እንዲህ እያለ ያከማቸውን ቅልጥም ሁሉ ለቀበሮ ጨርሶ፣ ሳይሰፋ፣ ሳይለብስ ቀረ። ሆኖም በየማለዳው አጥሩ ላይ ብቅ ማለቱን አላቋረጠም።

«እመት አህያ፣ በእሾህ ነው አሉ የምትሰፊው? ኧረ በሳቅ ልፈነዳ ነው! ለመሆኑ ቦራ ቆሟል?»

«ቆሟል» ትላለች መርፌዋን ሳትለቅ።

ጥቅምት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ውርጩ ወረደ። ሲነጋ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ የወንዙ ዳር ረግጠውት ሲያልፉ ይንኮሻኮሻል። አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ወጣ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ከበላም ሰንብቷል፤ ግን «ዛሬስ ወድቋል!» እያለ ምራቁን እየዋጠ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

«እ... እመት አህያ... ቦራ እ... እንዴት አደረ? ቆ... ቆ...»

አልጨረሰውም። እግሩ ተብረከረከና እዚያው ደጃፉ ላይ ተዘረጋ።

በሩ ተከፈተ። ቦራ ወጣ። ጆንያ ከጃንጥላ፣ ጋቢ ከእላቂ የተጋጠመበት ድሪቶ ከአንገቱ እስከ ጭራው ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ሙቀቱ ይተናል።

«ቆሜያለሁ!» አለ ቦራ።

ከዚያ የወደቀውን ጅብ አየና ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ የወደቀ የጅብ ነው አይደል? ጅቡ ራሱ ሲወድቅስ የማን ነው?»

እመት አህያ ያን ሁሉ ጊዜ አልሳቀችም ነበር። አሁን ግን ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ማንም አይፈልገውም፣ ልጄ» አለች።

«እመት አህያ» አለ አያ ጅቦ ከወደቀበት፣ «በጫፉ... በጫፉ ብቻ አስጠጊኝ...»

«ሦስት ሙሉ መስፊያ ገዝተህ የለም እንዴ? ሁሉም ሆድህ ውስጥ ነው ያለው። እነሱ ያሙቁህ!» አለችው። ያለፈው ዓመት ልጇ ትዝ አላት። ሆኖም እሷ ጅብ አይደለችምና ጀርባዋን ሰጥታው አልገባችም። የተረፈ ጆንያ አለበሰችው፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ክርና አንድ የጃርት እሾህ ጣለችለት። «ቀሪውን ራስህ ስፋ።»

አያ ጅቦ እሾሁን አነሳና፣ አመል ነውና፣ አፉ ከተተው። «ዋይ!» ምላሱ ላይ ተሰካ። በዚያ አገር ከጅብ ጥርስ የተረፈ የመጀመሪያው መርፌ እሱ ነው።

ገና እሾሁን ሲነቅል ቀበሮ መጣ። ሱቁን በሙሉ በጀርባው ተሸክሟል፤ ከብርዱ የተነሳ ጢሙ ላይ ውርጭ ረግቷል።

«እመት አህያ» አለ፣ «ሱቄን በሞላ እንኩ። ከዚያ ድሪቶ አንዲት ብጣሽ ብቻ ይስጡኝ።»

«ይኼ ሁሉ መርፌ ይዘህ?» አለችው። ከዚያም የቅሉን ስባሪና የከሰሉን ቁራጭ በሰኮናዋ ወደ እሱ ገፋችለት። «በል ለካና ጀምር።»

ቀበሮ ቅሉን አገላብጦ አየ። «ዋጋውስ?» አለ።

«ዋጋው ቁጭ ብሎ መስፋት ነው» አለችው፤ ልጇንም ይዛ ፀሐይ ወዳለበት ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ የሚያልቀው ሙሉ ዕቃ ገዝቶ ለተቀመጠ ሳይሆን በእጁ ባገኘው ነገር ዛሬውኑ ጀምሮ፣ ቢበላሽበትም ፈትቶ እንደገና ለሚሰፋ መሆኑን ነው።