ያልተቀበሩት የዕድር ዳኛ

አንድ የዕድር ዳኛ ነበሩ። ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ መሞታቸው በጡሩምባ ተነገረ። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ምሳቸውን በሉ። ሁለቱንም ያየ ሰው ብዙ ነውና አልከራከርበትም።

ይህን የምነግርህ ጥያቄህን ለመመለስ ነው። ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ቀበሌዎች የምታድላቸውን ሣጥኖች መኪና ላይ ጭነህ መጥተህ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለዜና አገሩን ሲዞሩበት የኖሩ ሰው ነዎት፤ እንዳይጠፋብኝ በማን እጅ ላስረክበው?» ብለኸኛል። መልሱ እኒህ ሽማግሌ ዘንድ አለ።

ቀበሌው በቆሎ አብቃይ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ወጥቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከወጡ በኋላ ደግሞ ካርድ መሙላት አለ። ስለዚህ ስልክ ያለው ሰው ስልኩን የሚያውለው ለባትሪና ለዘፈን ነበር። አንድ ድርጅት ያንተን የመሰለች ሣጥን አመጣላቸው። ጡብ ታክላለች። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ የፀሐይ ብርሃን ካገኘች በዙሪያዋ ላለ ስልክ ሁሉ በውስጧ ያለውን ትሰጣለች። ስለ ሰብል፣ ስለ ከብት፣ ስለ ነፍሰ ጡር እናት፣ ለተማሪ የሚሆን ትምህርት፣ ሁሉም በአማርኛ፣ አብዛኛው በቪዲዮ። የፈለገ ቁጭ ብሎ ያያል፤ የፈለገ ወደ ስልኩ ገልብጦ ይሄዳል።

በርክክቡ ዕለት ከድርጅቱ የመጣው ሰው ረዥም ንግግር አደረገ። ሕዝቡ ከንግግሩ የያዘው አንዱን ብቻ ነው፦ «ይህ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ ትጠየቃላችሁ።»

እዚህ ላይ ልብ በል። ያ ቀበሌ የሕዝብ ንብረት እንዴት እንደሚጠበቅ ጠንቅቆ ያውቃል። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው የሚቀመጥበት ባለ ብረት በር ዕቃ ቤት አለ። በሩ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ ነው፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ደንቡም አጭር ነው፦ ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው የሞት ጡሩምባ ሲነፋ ነው፤ የሚዘጋው ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ያረቀቁት ዳኛው ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያትም ነበራቸው። አንድ ጊዜ ትልቁ ድስት ለሰርግ ተብሎ ወጥቶ ቂጡ ተበስቶ ተመልሷል።

ሣጥኗን ከድስቱ አጠገብ አስቀመጧት። ሦስቱም ቆለፉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ገበሬ ሞተ። ድንኳኑ ወጣ፤ ድስቱ ወጣ፤ የዕድር ዕቃ ሲወጣ ሙሉውን ነው ተብሎ ሣጥኗም ወጣች። ከነሶላሯ ድንኳኑ ደጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ለቀስተኛው ስልኩን ሲከፍት አገኛት። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ያልደፋ ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ ላየው ሐዘኑ እጅግ የከበደ ይመስል ነበር።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጋሻዬን!» ትላለች የሟች እኅት። ከዚያ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብላ፣ «እስቲ መልሺው፤ ጥጃው እንገሩን መቼ ይጠጣ ነው ያለው?»

የዚያ ቀበሌ ልቅሶ ስሙ ወጣ። ከጎረቤት ቀበሌ ሰው ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይመጣ ጀመር። አንዱን፣ «ሟቹን ታውቀው ነበር?» ቢሉት፣ «አላውቀውም፤ ነፍሱን ይማረውና ፍየሎቼ እያሳሉ ነው» ብሎ መለሰ።

በሦስተኛው ቀን ግን ዕቃ ቤቱ ይዘጋል። ትምህርቱ መሐል ላይ ቢሆንም ይዘጋል። ወደ ስልክ ገልብጦ መውሰድ እንደሚቻል በንግግሩ ተነግሯቸዋል፤ ነገር ግን የዕድር ብርጭቆ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ሣጥኗም የዕድር ዕቃ ናት። ስለዚህ ሁሉም እዚያው አይቶ፣ ያስታወሰውን ያህል ይዞ ይገባል።

የሚቀጥለው ዓመት ክፉ ሆነ፤ የሚሞት ሰው ጠፋ። ከመስከረም እስከ ግንቦት አንድም ጡሩምባ አልተነፋም። ይህን ጮክ ብሎ ያማረረ አልነበረም። ይሁንና ዳኛው ደረታቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር ጠያቂ በዛባቸው።

«እንዴት አደሩ አባቴ?»

«ተመስገን፤ ዛሬስ ቀለል ብሎኛል።»

«ተመስገን» ይላል ጠያቂው ቅር እያለው፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይወጣል።

በሰኔ መጤ ተምች ገባ። እማዋይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት አንድ ማሳ በቆሎ ነው፤ የልጆቿ የዓመት ቀለብ እሱ ነው። ጠዋት ወርዳ ስታይ ቅጠሉ ተበሳስቷል፤ ከአገዳው ልብ ውስጥ ትሉ ቁጭ ብሏል። ይህን ትል ታውቀዋለች፤ ባለፈው ልቅሶ በቪዲዮ አይታዋለች። ቪዲዮው፣ «ቶሎ ከተደረሰበት ሰብሉ ይተርፋል፤ የሚደረገውም…» ሲል ነው ዕቃ ቤቱ የተዘጋው። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወረዳ ስብሰባ ላይ ነበር። የስብሰባው አጀንዳ ተምች ነበር።

ወደ ጸሐፊው ሄደች፤ «ዳኛው ካሉ» አላት። ወደ ገንዘብ ያዡ ሄደች፤ «ጸሐፊው ካለ» አላት። ዳኛው ቤት ገባች። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ጡሩምባ ነፊውም አረጋግጦልኛል።

«አባቴ፣ ዕቃ ቤቱ ይከፈትልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«በቆሎዬ እየሞተ ነው።»

«በቆሎ የዕድር አባል አይደለም።»

«ልጆቼስ? እነሱ በረሃብ ሲያልቁ ነው የሚከፈተው?»

«ያኔ ይከፈታል» አሉ ዳኛው። ያሉት ነገር ለራሳቸውም ሳይከብዳቸው አልቀረም።

«እንግዲያውስ ደንቡን ይጣሱት!»

«ዛሬ ለተምች ከጣስኩት ነገ ለሰርግ ነው። ድስቱን አላየሽውም?»

«ታዲያ ሰው እስኪሞት ልጠብቅ? ማን አለ የደረሰ?»

ይህን ስትል ዓይኗ ሳታስበው ሽማግሌው ላይ አረፈ። እሳቸውም አዩዋት። እሷ አቀረቀረች። እሳቸው ጡሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

«ንፋ» አሉት።

«ማን ሞቶ?»

«እኔ።»

«ኧረ አባቴ! እርስዎ እኮ አሉ!»

«ስለ እሱ ማን ጠየቀህ? ደንቡ ጡሩምባ ሲነፋ ይላል እንጂ ሬሳው ይመርመር አይልም። ደንብ አይጣስም፤ ሰው ግን ይሞታል። ንፋ!»

ነፋ። ጸሐፊው ቁልፉን ይዞ መጣ። ገንዘብ ያዡ ከማሳው እያለቀሰ ሮጦ ደረሰ፤ ዳኛውን ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያገኛቸው በቁሙ ቀረ።

«ቁልፍህን አምጣ» አሉት።

«እንባዬንስ ማን ይመልስልኛል?»

«ለሌላ ጊዜ ያዘው፤ አይበላሽም።»

ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሣጥኗ ፀሐይ አገኘች። ከጎረቤት ቀበሌ አንዲት አልቃሽ ደርሳ፣ ማንንም ሳትጠይቅ በግጥም ጀመረች። ሟች ዝሆን ገዳይ እንደነበሩ ስትናገር ከአግዳሚው ላይ፣ «ዝሆን አልገደልኩም፤ አይቼም አላውቅ» የሚል ድምፅ መጣ። አልቃሿ ዞር አለችና፣ «ኧረ ሟች ዝም ይበሉ፤ ቤት አፈረሱብኝ!» አለች። በዚህ መሐል ነው ምሳቸው የቀረበው።

እማዋይሽ የቀረውን ትምህርት አየች። ማለዳ ወርዶ ትሉንና ዕንቁላሉን በእጅ እየለቀሙ መጨፍለቅ፣ በአገዳው ልብ ላይ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር መጨመር፣ በየቀኑ እየተመላለሱ ማየት ነው። ያን ያህል ነው፤ ሆኖም ዕንቁላሉ የትኛው የቅጠል ገጽ ላይ እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚመስል፣ ማሳው ውስጥ ቆሞ እያስተያዩ ካልሆነ ይስታል።

«አባቴ፣ ወደ ስልኬ ልገልብጠው?» አለች።

«የዕድር ዕቃ ወደ ቤት ይወሰዳል እንዴ?»

«ስገለብጠው ከሣጥኗ እኮ አይጎድልም።»

ዳኛው አላመኗትም። ዓይናቸው እያየ ወደ እሷ ስልክ ተገለበጠ፤ ሣጥኗ ውስጥ ፈለጉት፤ አለ። ወደ ጡሩምባ ነፊው ስልክ አስገለበጡ፤ አሁንም አለ። ወደ አልቃሿም ስልክ አስደገሙት።

«ድስት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ደንብ ባላስፈለገን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ነውሩ ቀረ። ስልክ ያለው ሁሉ ገለበጠ፤ የተምቹንም፣ የጥጃውንም፣ የነፍሰ ጡሯንም። በማግስቱ ማለዳ ቀበሌው በሙሉ በቆሎ ውስጥ አጎንብሶ ነበር። ሁሉም አልዳነም። የእማዋይሽ ማሳ ግን አብዛኛው ተርፎ ልጆቿ ያን ዓመት ከጎተራቸው በሉ።

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው መጣ።

«ቀኑ ደርሷል፤ እንዝጋ» አለ።

«ሦስተኛው ቀን ከምን በኋላ?» አሉት ዳኛው።

«ከቀብር በኋላ።»

«ማን ተቀበረ?»

ጸሐፊው ደንቡን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ዳኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ሟች ሆነው ኖሩ። ድንኳኑ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ተጠቅልሎ ገባ፤ ሣጥኗ ግን ሐዘኑ አላበቃምና ዳኛው ደጅ ጠረጴዛዋ ላይ ቀረች። የሰዉም ነገር ተገለበጠ። ቀለል አለኝ ሲሉ ቅር ይለው የነበረው ጠያቂ አሁን ሲያስሉ ይደነግጣል። «እሳቸው ከተቀበሩ ሣጥኗ ትቆለፋለች» ይባባላሉ። አንዱ ዕንቁላል፣ አንዷ የዶሮ መረቅ ይዞ ይመጣል፤ ስልኩን ከሣጥኗ አጠገብ ያኖራል፤ ከእሳቸው ጋር ሲጫወት ይቆይና ስልኩን አንሥቶ ይሄዳል። ደረታቸው ሳይሻላቸው ሁለት ዓመት ኖሩ። ከዚያ እውነተኛው ጡሩምባ ተነፋ። በወጉ ተለቀሰላቸው፤ ተቀበሩ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኗ በደንቡ መሠረት ተቆለፈባት። አንድም ሰው አልተቃወመም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። በማን እጅ ላስረክብ ብለሃል። ድስት ጭነህ ቢሆን ጥያቄህ ልክ ነበር፤ ድስት አንዱ ሲወስደው ሌላው ያጣዋል። የዚያ ቀበሌ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ «ቢጠፋ ትጠየቃላችሁ» ተብለው እንደ ድስት ጠበቁት። አንተ የጫንከው እሳትን ይመስላል። ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ ምድጃህን አትቆልፍበትም፤ ጭሮ ቢሄድ አይጎድልብህም፤ ያንተ የጠፋ ዕለት ደግሞ ከእሱ ትጭራለህ። እንግዲህ ለማንም አስረክበው፤ ግን የመጀመሪያው ቀን ሳይመሽ ስልክ ያለው ሁሉ ገልብጦ ይሂድ። ማስፈራራት ካለብህም፣ «ሳይገለበጥ ቢቀር ትጠየቃላችሁ» በላቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ዓመት የድርጅቱ ቴክኒሻን ሣጥኖቹን ሲመረምር እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ ሣጥኗ ንጹሕ ጨርቅ ለብሳ ከድስቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ፈትቶ አያትና ውስጧ ውኃ ገብቶ እንደተቃጠለች፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችውም በዚያው የተምች ዓመት በሐምሌ እንደሆነ ነገረን። ሐምሌ ማለት ዳኛው ሞቱ ከተባለ አንድ ወር በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን ሲያኖር የከረመው ከማትሠራ ሣጥን አጠገብ ነበር።

እማዋይሽን ጠየቅኋት።

«እናውቃለን» አለች። «ዝናብ የመታት ዕለት ነው የጠፋችው። እኛ ሁላችንም ገልብጠን ነበር፤ የጎደለውም ከጎረቤት ይወስዳል። ምን ቸገረን?»

«ታዲያ ለዳኛው ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«ደንብ አክባሪ ነበሩ እኮ» አለች። «ቢሰሙ ይቀበሩ ነበር።»