አልነሳም ያለው የእማዋይሽ ስክሪፕት

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል።

በአንዲት የደጋ ጤና ጣቢያ ሲስተር እማዋይሽ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሦስት ወር ለፍታ በገዛ እጇ አንድ ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የትዕዛዝ ጽሑፍ፣ ጻፈች፤ ስሙንም «ቀጠሮ» አለችው። «ቀጠሮ» ብላ ስትጽፍ ከአራት መቶ እርጉዞች መሀል በማግስቱ መታየት ያለባቸውን ሴቶች ስም ይዘረግፍላታል። ሰኞ ዕለት ግን አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጠለና ፋይሎቿ ከዲስኩ ወደ አዲሱ ተገለበጡ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ «ቀጠሮ» ብላ ጻፈች። የፈለገችው አንዲት ገጽ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው መኪና እናቶቹን ከቆላ ወደ እናቶች ማቆያ ሊያመጣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ዝርዝሩ ከሌለ ሾፌሩ የማንን ደጅ ያንኳኳል? ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ ባለፈው ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። እማዋይሽ መልኳን እንጂ ስሟን አላስታውስ አለች፣ ልቧም ፈራ።

ትዕዛዝ ተቀባዩ ሼል «ትዕዛዙ አልተገኘም» አላት። ለምን ብትለው፣ እኔ ትዕዛዝ የምፈልገው፣ የፎልደሮችን አድራሻ የሚይዘው መንገድ ዝርዝር በመራኝ ቦታ ብቻ ነው አለ። መንገድ ዝርዝሩ ሼሉን አይመራም፣ ሼሉ ስክሪፕቱን አይጠራም፣ የእናቶቹ ስም አይወጣም።

መንገድ ዝርዝሩን ጠየቀችው። አድራሻ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ግን ስክሪፕትሽን የምታኖሪበትን ፎልደር ማን ነገረኝ? ጥፋቱ የማስነሻ ፋይሉ ነው አላት። ማስነሻ ፋይሉ ለመንገድ ዝርዝሩ አይነግርም፣ መንገድ ዝርዝሩ ሼሉን አይመራም፣ ሼሉ ስክሪፕቱን አይጠራም፣ የእናቶቹ ስም አይወጣም።

ማስነሻ ፋይሉ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚነበብ ኩሩ ፋይል ነው። ፎልደርሽ ባዶ ነው፣ ባዶ ቤት ለማንም አላስተዋውቅም አለ። ፎልደሩም የአብዬን ወደ እምዬ ሆነና፣ ስክሪፕቱ አልገባ ብሎኝ እንጂ ባዶነት ወድጄ ነው ወይ አለ። ስክሪፕቱ ፎልደሩ ውስጥ አይገባም፣ ፎልደሩ ለማስነሻ ፋይሉ አይታይም፣ ማስነሻ ፋይሉ ለመንገድ ዝርዝሩ አይነግርም፣ መንገድ ዝርዝሩ ሼሉን አይመራም፣ ሼሉ ስክሪፕቱን አይጠራም፣ የእናቶቹ ስም አይወጣም።

«አንተስ?» አለችው ስክሪፕቱን። የራሷ ልጅ ነውና እሱ ላይ ተናደደች። ምን ላድርግ፣ ሲገለብጡኝ በሁሉ ላይ የሚያዘው የማሽኑ አለቃ ንብረት አደረጉኝ፤ የመነሳት ፈቃድ የለኝም አላት። አለቃ ሆኖ ለመግባት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ ያለው ደግሞ ኮምፒውተሮቹን የሚጠግኑት ጋሽ ደባልቄ ዘንድ ነው። እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ አኩርፈዋል። እማዋይሽ ጠዋት በአዲሱ ኮምፒውተር ሌላ ችግር ሲገጥማት እሳቸው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው እያዩ፣ ባሕር ዳር ላለው ወንድሟ ደውላ ነበርና።

ወጥታ ጠየቀቻቸው። ከሚፈቱት አሮጌ ኮምፒውተር ቀና ሳይሉ፣ «ባለሙያ ካስፈለገሽ ባሕር ዳር ደውይ» አሏት።

ጋሽ ደባልቄ ፈቃዱን አይሰጡም፣ ፈቃዱ ስክሪፕቱን አይፈታም፣ ስክሪፕቱ ፎልደሩ ውስጥ አይገባም፣ ፎልደሩ ለማስነሻ ፋይሉ አይታይም፣ ማስነሻ ፋይሉ ለመንገድ ዝርዝሩ አይነግርም፣ መንገድ ዝርዝሩ ሼሉን አይመራም፣ ሼሉ ስክሪፕቱን አይጠራም፣ የእናቶቹ ስም አይወጣም። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።

እማዋይሽ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ መስማትና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። «ደጄ ላይ እያሉ እርስዎን አልፌ ሩቅ ደወልኩ። የይለፍ ቃሉን አልፈልግም። አጠገቤ ቁጭ ብለው ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን አስቀመጡ። ለካ ያስኮረፋቸው የሥራው መብዛት ሳይሆን የሚጠይቃቸው መጥፋቱ ኖሯል። «የእኔም ጥፋት አለበት» አሉና ሁሉን ነገር በአለቃ ሥልጣን መገልበጥ ክፉ ልማዳቸው እንደሆነ እየነገሯት ገቡ።

ጋሽ ደባልቄ ስክሪፕቱን ወደ እማዋይሽ ስም አዞሩላት፤ የቀረውን ግን እሷው በእጇ እንድትሠራ አደረጉ። ፈቃዱን ሰጠችው፣ ፎልደሩ ውስጥ አስገባችው፣ ማስነሻ ፋይሉ ላይ የፎልደሩን አድራሻ አንዲት መስመር ጻፈች። «ቀጠሮ» ብላ ጻፈች። ሼሉም ያንኑ መለሰ፤ «ትዕዛዙ አልተገኘም።» ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ጋሽ ደባልቄ ግን ሳቁ። ይሄ ተርሚናል የተከፈተው መስመሯን ከመጻፍሽ በፊት ነው፤ የሚያውቀው የድሮውን ወሬ ነው። ዝጊና ክፈቺው አሏት።

ዘግታ ከፈተች። ማስነሻ ፋይሉ ተነበበና ለመንገድ ዝርዝሩ ነገረ፣ መንገድ ዝርዝሩ ሼሉን መራ፣ ሼሉ ፎልደሩ ውስጥ ገባ፣ ፎልደሩ ስክሪፕቱን አሳየ፣ ስክሪፕቱ ፈቃዱን ይዞ ተነሳ፣ የእናቶቹም ስም ተዘረገፈ፤ አሥራ አንድ ናቸው። በሦስተኛው መስመር «ጥሩዓለም ውቤ፣ ግፊት ከፍተኛ» ይላል። እማዋይሽ ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው። ወረቀቱን እየሮጠች ለሾፌሩ ሰጠችና መጀመሪያ ጥሩዓለም ቤት እንዲሄድ ነገረችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ተመለሰ። አሥራ አንዱም ወረዱ፤ ጥሩዓለም ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ራሴን እያመመኝ ነበር፣ ነገ በእግሬ ልመጣ አስቤ ነበር አለች። እማዋይሽ ክንዷን ይዛ ወደ አልጋው ወሰደቻት።

ተረቴ እዚህ ላይ ወረደ፤ የሰማ ያውራው፣ ያልሰማ ጎረቤቱን ይጠይቅ።