ኩሬ ውስጥ የታየችው ጋሪ

ተረት ላውጋችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ እህል በጀርባዋ ስታመላልስ የኖረች አንዲት አህያ ነበረች። ወገቧ እምቢ ሲላት ጋሪ ልትገዛ ገብስ አጠራቀመች። ይህን የሰማ ቀበሮ ኩሬ ዳር ወሰዳትና ውሃው ውስጥ የምታብረቀርቅ ጋሪ አሳያት። ጋሪዋ ራሷ ከማዶ ቋጥኝ ላይ ቆማለች፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ኩሬውን መዞር ያስፈልጋል።

«እመት አህያ፣ ባለቤቷ አሮጊት በግ ናት፤ የምታወጣት ለእሁድ ብቻ ነበር። ሩቅ አገር ልትሄድ ስለሆነ ነው በርካሽ የምትሸጣት። ቀብዱን ዛሬ ስጪኝ» አላት።

«ዞሬ ልምጣና ዳገቱን ልጎትታት፣ አያ ቀበሮ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«አንቺ እስክትዞሪ በቅሎ ትወስዳታለች። ከጠዋት ጀምራ እየነዘነዘችኝ ነው።»

አህያ መንገዱን ስታስበው እግሯ ዛለ። ውሃውን ደግማ አየችው፤ ጋሪዋ ታምራለች። ገብሱን ልትሰጠው ምንም አልቀራትም ነበር። ሳታየው የጫኑባት ነገር ስንቴ ወገቧን እንደሰበራት ግን አልረሳችም።

«እንግዲያው በቅሎ ትውሰዳት» አለችና የተለመደ ጭነቷን ተሸክማ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ በቅሎን አገኘቻት። የጋሪዋ ጎማ አልዞር ብሎ በቅሎ ጋሪዋን በጀርባዋ ተሸክማ ታቃስታለች።

«አይዞሽ። ምን ልርዳሽ?» አለቻት አህያ።

በቅሎ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እስከ ኩሬው ማዶ፣ እስከዚያ ቋጥኝ ድረስ ደግፊኝ፣ አክስቴ። አጎቴ ፈረስ ጋሪ ይፈልጋል አሉ።»